እርሾው ውስጥ ድርሻው የማን ነው?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ስለ ጤፍ እርሾ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ደስ ብሎናል። ግን አንድ ነገር ጎድሎበታል። እርሾ ውስጥ ብዙ ዓይነት ተሕዋስያን እንዳሉ ይነግረናል፤ ከመካከላቸው የትኛው ምን ያህል እንደሆነ ግን አይነግረንም። እኔ የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ቤትም እንጀራ የምጋግረው እኔው ነኝ። ስለዚህ ነገሩ በሁለቱም በኩል ይመለከተኛል።

ሁለት ቡሃቃ ሊጥ አስቡ። በሁለቱም ውስጥ 5 ዓይነት ተሕዋስያን አሉ። በአንዱ ሊጥ እያንዳንዳቸው ከመቶ 20 ይዘዋል። በሌላው አንዱ ብቻውን 96 ወስዶ፣ ለቀሩት ለአራቱ አንድ አንድ ደርሷቸዋል። ዓይነት ብቻ ለሚቆጥር ሰው ሁለቱም ያው ናቸው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው፣ ዓይነቱን ከነድርሻው በሚመዝን ቀመር ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 5 ዓይነት እንዳለው ይቆጠራል። ሁለተኛው አንድ ከሩብ ያህል ብቻ ነው።

ይሄ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም። የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ሥራ አለ። ናይትሬት የሚባለውን የናይትሮጅን ውህድ ወደ ጋዝ የመለወጥ ሥራ የሚሠሩ 18 ዓይነት ባክቴሪያዎችን ወስደው ከሺህ በላይ ትንንሽ ስብስቦች አዘጋጁ። ዓይነቱ ያው፣ ጠቅላላ ብዛቱም ያው። የለያዩት ድርሻውን ብቻ ነው። ከዚያ ጨው ጨመሩባቸው። ድርሻቸው የተቀራረበ ስብስቦች ጨውን በተሻለ ተቋቋሙ። አንዱ በገነነበት ስብስብ ግን ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በዚያ በአንዱ ላይ ሆነ። እሱ ጨው ካልቻለ ሥራው አብሮት ይወድቃል።

ከደብረ ብርሃን ወደ አዳማ ስንዛወር የእናቴን እርሾ በጠርሙስ ይዤ መጣሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አስቸገረኝ። ሊጡ ባንድ ሌሊት ይኮመጥጣል፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሙቀቱ በዚያ ብርድ የለመደውን ድርሻ እንዳዛባው ገመትኩ። እናቴ ግን ግምት አላስፈለጋትም። «ከጎረቤት ተዋሽና ቀላቅይበት» አለችኝ። አንድ ሲኒ የማትሞላ እርሾ ተዋስኩ። በአራተኛው ቡኮ ምጣዱን ስከፍት እንጀራው ከዳር እስከ ዳር ዓይን በዓይን ሆኖ ጠበቀኝ። እናቴ እጇን ዘርግታ ዳሰሰችው።

ደግሞም ድርሻው በየሰዓቱ ይለዋወጣል። ሊጡ ሲቦካ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) ከ6 አካባቢ ተነስቶ ወደ 4 ይወርዳል። አሲድ የማይችሉት ይመነምናሉ፤ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ይገናሉ። መግነናቸው ጥፋት አይደለም። የምንወደው ኮምጣጣ ጣዕም ከእነሱ ነው፤ ብዙ በሽታ አምጪዎችንም የሚያዳክመው ያ አሲድ ነው። ስለዚህ «እኩል ይሁኑ» እያልኩ አይደለም። ግን ገና በመነሻው አንዱ ብቻ የነገሠበት እርሾ፣ ቀን ሲከፋ ተተኪ የለውም። በፋብሪካ በአንድ ወይም በሁለት ዓይነት ብቻ የሚዘጋጅ እርሾ ይምጣልን ስንል ይሄን ማሰብ ያለብን ይመስለኛል።

ጋዜጠኛችሁ ቀጣዩን ክፍል ሲጽፍ የእርሾውን ተመራማሪዎች ሁለት ነገር ይጠይቅልን። የቆጠራችሁት በተቦካ በስንተኛው ሰዓት ነው? ከመቶ ስንቱስ የማን ነበር?

የላብራቶሪ ቴክኒሻን፣ ከአዳማ