የሴኔካ ሐይቅ ዳር የወይን እርሻዎችን ከውርጭ ለመታደግ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በሮቸስተር፣ በሲራኪዩስ፣ በኢታካና በዙሪያው ለምትኖሩ ወገኖቻችን፦

በኒው ዮርክ ግዛት በሴኔካ ሐይቅ ዳር ጎን ለጎን የሚያለሙ የወይን አምራች ቤተሰቦችና እኛ ጎረቤቶቻቸው፣ ለሁሉም የሚያገለግል አንድ የውርጭ መከላከያ ማራገቢያ ገዝተን ለመትከል ስለተስማማን ድጋፋችሁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የእነዚህ እርሻዎች ቀይ ወይን ካቤርኔ ፍራን፣ ሌምበርገርና ሜርሎ ከተባሉት ዝርያዎች ተዋህዶ የሚጠመቅ ሲሆን፣ አካባቢው ቀዝቃዛ በመሆኑ መጠነኛ አልኮል፣ ጎላ ያለ ኮምጣጣነትና የቁንዶ በርበሬ ሽታ አለው። የአውሮፓ የወይን ዝርያ ይህን ብርድ አይችልም ይባል በነበረበት ዘመን፣ በዩክሬን የተወለዱት ዶክተር ኮንስታንቲን ፍራንክ ብርድ በሚቋቋም ሥር ላይ እያዳቀሉ እንደሚቻል አሳይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በአጎራባቹ በኪዩካ ሐይቅ የወይን መጥመቂያ አቋቁመዋል።

188 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ሴኔካ በበረዶው ወራት እንኳ ከዳር እስከ ዳር በረዶ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው፤ በጸደይ ዳርቻውን አቀዝቅዞ እምቡጡ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ ያዘገየዋል፣ በመከርም በጋ ያከማቸውን ሙቀት እየሰጠ ፍሬው እንዲበስል ጊዜ ይጨምርለታል። ይሁን እንጂ የሐይቁ ጥበቃ ከዳርቻው በተራቀ ቁጥር ይሳሳል። እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 2023 የወረደው ውርጭ በአካባቢው ብዙ ለጋ ቀንበጥ አቃጥሏል፤ በደጋ አገር ባቄላ አብቦ ሳለ ውርጭ ሲመታው ያየ ሰው የዚህ ጉዳት ትርጉም አይጠፋውም። ከተጠባባቂው እምቡጥ አዲስ ቀንበጥ ቢወጣም የሚይዘው ዘለላ ጥቂት ነው። ከሦስቱ ዝርያዎች አንዱ ሲጎድል ደግሞ የዓመቱ ውህድ ይናጋል፤ ከሌላ ቦታ በተገዛ ፍሬ መሙላት ይቻል ይሆናል፣ ያ ግን በእኛ እምነት የዚህ ሐይቅ ወይን አይደለም።

ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በማይነፍስበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ሲተኛ ሞቃቱ ከበላዩ ስለሚንሳፈፍ፣ በረጅም ምሰሶ ላይ የሚሽከረከረው ማራገቢያ ሁለቱን ቀላቅሎ ተክሉን ከጥቂት ዲግሪ ቅዝቃዜ ያድነዋል። ብርዱ ከነፋስ ጋር ሲመጣ ግን እምብዛም እንደማይረዳ አስቀድመን መናገር ይገባናል። አንዱ ማራገቢያ አራት ሄክታር ያህል ስለሚሸፍን፣ በድንበር ላይ ቢተከል ለበርካታ ትናንሽ ማሳዎች ይበቃል።

መዋጮው በጋራ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል፤ የግዢ ውሉንና ደረሰኙን ማንኛውም ለጋሽ መመልከት ይችላል። ገንዘብ የማይመቸው በመሠረት ቁፋሮው ቀን በጉልበቱ ቢያግዘን እኩል እናመሰግናለን። እምቡጡ ሳይፈነዳ ተከላው እንዲጠናቀቅ፣ የምትችሉትን እስከ ማርች መጨረሻ ድረስ እንድታደርሱን እንለምናለን።