ዙሩን ራስሽ ቁጠሪ

ይድረስ ለውድ ልጄ ለእሙዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽ ሳል ተሽሎታል፣ ላሟም በደህና ወልዳለች፤ ስለ እኛ አታስቢ። ይህን ደብዳቤ በአክስትሽ ልጅ እጅ የላክሁት፣ በስልክ ስነግርሽ «እሺ እማዬ፣ እሺ» እያልሽ ስለምታልፊኝ ነው። ቅዳሜ ማታ ስልክሽን አጥፊና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ወንድምሽ ከክልሉ ማጣሪያ የተመለሰ ዕለት ሁሉንም ነግሮኛል። አንድ ሙሉ ዙር ሲቀር የመጨረሻው መስሎሽ ያለ የሌለ ጉልበትሽን አውጥተሽ ሮጥሽ፤ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ነው የገባሽ። ከ1ኛ 6ኛ ወጣሽ። ክልሉ 6 ልጅ ባይወስድ ኖሮ የእሑዱን የጃን ሜዳ አገር አቋራጭ ሩጫ በቴሌቪዥን ነበር የምታዪው። አልቆጣትም ብዬ ነበር፤ ግን ተቆጥቻለሁ። ዙሩን ቁጠሪ። ከፊቴ ያለችው ታውቃለች፣ አሰልጣኙ ይጮህልኛል፣ ደወሉን እሰማለሁ አትበይ። ራስሽ ቁጠሪ።

የስታዲየም ሩጫ ቢሆን ማጣሪያ አለ፣ ፍጻሜ አለ፣ በአንዱ ርቀት ያልቀናው በሌላው ይሞክራል። ጃን ሜዳ ግን በአንድ ጠዋት ያልቃል። ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ይመጣሉ፤ የመሥሪያ ቤት ክለቦችም ይመጣሉ፦ መቻል (ድሮ መከላከያ የሚባለው)፣ ፌዴራል ፖሊስ፣ ፌዴራል ማረሚያ ቤቶች፣ ንግድ ባንክ፣ ኤሌክትሪክ። የክለብ ልጆች ደመወዝ እየበሉ ዓመቱን ሙሉ አብረው የሚሮጡ ናቸው፤ ማሊያቸውን ስታዪ ሆድሽ እንዳይባባ። ብዙዎቹ ከአንቺው ዓይነት ሰፈር በክልል ማሊያ እዚያው ሜዳ ላይ ሮጠው ነው የተመረጡት። የዓለም አገር አቋራጭ ባለበት ዓመት ብሔራዊ ቡድኑም የሚመረጠው ከዚሁ ውድድር ስለሆነ ማንም ለመዝናናት አይመጣም።

ቅዳሜ ቡድኑ መሮጫውን ሊያይ ሲሄድ አብረሽ ሂጂ፤ ደክሞኛል ብለሽ እንዳትተኚ። የአንቺ የወጣት ሴቶች ርቀት 6 ኪሎ ሜትር ነው። ዙሩ ድፍን 2 ኪሎ ሜትር ከሆነ 3 ጊዜ ትዞሪያለሽ። ነገር ግን የዓለም አትሌቲክስ ደንብ አንድ ዙር ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር እንዲሆን ነው የሚለው፤ ርቀቱን ለማሟላት መጀመሪያ ላይ ትንሽ ዙር ሊጨመርም ይችላል። ስለዚህ «ሁልጊዜ 3 ነው» ብለሽ አትግቢ። አሰልጣኙን «ትልቁ ዙር ስንት ነው? ትንሽ ዙር አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቂው፤ የነገረሽን በእስክሪብቶ በግራ እጅሽ ጀርባ ላይ ጻፊው።

ከዚያ መሮጫውን በእግርሽ ዙሪው። መጨረሻው አጠገብ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ ፈልጊ፤ አንዱ ወደ ሌላ ዙር ይወስዳል፣ አንዱ ወደ መጨረሻው መስመር ያስገባል። ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። ባነሩ የተሰቀለው፣ ፎቶ አንሺው የቆመው፣ ሕዝቡም የሚጮኸው እዚያ ስለሆነ ባለፍሽ ቁጥር ያለቀ ይመስልሻል። ቆመሽ በደንብ እዪው፤ በየትኛው በኩል ገመድ እንደተወጠረ፣ ዳኛው የት እንደሚቆም ያዢ።

ስትቆጥሪ ያለፈውን ሳይሆን የቀረውን ቁጠሪ። የዳኞቹ ሰሌዳ የሚያሳየው የቀረውን ነው፤ አንቺ ያለፈውን እየቆጠርሽ ከመጣሽ ሰሌዳው ላይ 2 ስታዪ ሁለት የጨረስሽ ይመስልሻል። መስመሩን ባለፍሽ ቁጥር ድምፅ አውጥተሽ «ሁለት ቀረ»፣ «አንድ ቀረ» በይ፤ ማን ይስቅብኛል አትበይ። ደወሉ የሚደወለው ለመሪዋ ነው፤ አንቺ 30ኛ ላይ ብትሆኚ ከጩኸቱ ብዛት ላትሰሚው ትችያለሽ። ሰዓትሽንም በየዙሩ ተጫኚ። 2 ኪሎ ሜትሩ 7 ደቂቃ አካባቢ እየወሰደብሽ ከሆነ፣ ሰዓትሽ 14 ሲል ገና 4 ኪሎ ሜትር ላይ ነሽ ማለት ነው። 6 ኪሎ ሜትርን በ14 ደቂቃ የጨረሰች ሴት በዓለም ላይ የለችም። ልብሽ «አለቀ» ቢልሽ ሰዓትሽን እመኚ።

ይህ በትልልቆቹም ላይ ደርሷል፤ አባትሽ ሲያወራው ግማሹን ብቻ ነው የሚያወራው። ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር በ1963 ዓ.ም. አሜሪካ ዱርሃም ከተማ፣ አፍሪካና አሜሪካ በተገናኙበት ውድድር 5,000 ሜትር ሲሮጥ አንድ ዙር ሲቀር ጨረስኩ ብሎ ተስፈንጥሮ ወጣና ቆመ። ስቲቭ ፕሪፎንቴይን አልፎት አሸነፈ። በማግስቱ ምሩጽ 10,000 ሜትር ገብቶ ፍራንክ ሾርተርን ቀደመው። አባትሽ የሚያወራልሽ የማግስቱን ብቻ ነው፤ እኔ ግን ያ የመጀመሪያው ቀን ነው የሚቆጨኝ።

ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ያው ነገር ማድሪድ ላይ ተደገመ። መጋቢት 1973 ነው። ኢትዮጵያ ለዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የመጀመሪያዋ ነበር፤ ሩጫው የተካሄደው እንደ ጃን ሜዳ ፈረስ በሚሮጥበት ሜዳ ላይ ነው። ርቀቱ 12 ኪሎ ሜትር። የእኛዎቹ ፊት ፊቱን ይዘው ሄዱ፣ ማንም አልደረሰባቸውም። አንድ ዙር ሲቀር ግን የመጨረሻው መስሏቸው ፈጠኑ። እንዳልጨረሱ ሲረዱት ያጠራቀሙት ጉልበት ወጥቷል። አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ከኋላ እየለቀመ መጥቶ አሸነፈ፣ መሐመድ ከድር 2ኛ ሆነ። እሙዬ፣ ያን ቀን በሳንባም በእግርም አልተበለጡም። በቁጥር ነው የተበለጡት። መሐመድ በዓመቱ ሮም ላይ 1ኛ ወጣ፣ በተከታዩ ዓመት በቀለ ደበሌ ጌትስሄድ ላይ አሸነፈ። የማድሪዱ የግል ወርቅ ግን ሄደ፤ ሌላ ሰው ስም ላይ ተጽፎ ቀረ። ስለዚያ ሩጫ ባሰብሁ ቁጥር ምነው አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቆጥሮ በሆነ እላለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጨምርልሽ። ያን ቀን ኢትዮጵያ በቡድን አሸንፋለች። ተሳስተናል ብለው ቢወጡ ኖሮ ያም ባልተገኘ ነበር። የቡድን ውጤት የሚወጣው የገቡበትን ደረጃ በመደመር ነው፣ ትንሽ ድምር ያለው ያሸንፋል። አሁን በዓለም ሻምፒዮናው 6 ሯጭ ይሰለፍና የመጀመሪያዎቹ 4 ይቆጠራሉ፤ ለእሑዱ ውድድር ስንት እንደሚቆጠር አሰልጣኙ ይንገራችሁ። ለምሳሌ የአንድ ቡድን ልጆች 1ኛ፣ 2ኛ፣ 15ኛ እና 30ኛ ቢወጡ ድምሩ 48 ነው። እናንተ 3ኛ፣ 8ኛ፣ 12ኛ እና 21ኛ ብትወጡ 44 ይሆናል፤ ወርቅም ብርም የእነሱ ሆኖ ሳለ ቡድኑን እናንተ ትበላላችሁ። ድምሩ እኩል ከሆነም የሚታየው የመጨረሻዋ ተቆጣሪ ልጅ የገባችበት ደረጃ ነው። ስለዚህ 22ኛ ሆነሽ ከፊትሽ ያለችውን ብታልፊያት ለአንቺ ምንም ላይመስልሽ ይችላል፤ ለክልሉ ግን ዋንጫ ሊሆን ይችላል። ተስፋ ቆርጠሽ ወደ ዳር መውጣት የሚባል ነገር እንዳልሰማ።

ጫማሽን ረስቼ። ጃን ሜዳ በበጋ ደረቅና ጠጣር ነው፤ ከጫማሽ ስር የሚገጠመው 6 ወይም 9 ሚሊ ሜትር ሚስማር ይበቃሻል። ረጅሙን ካሰርሽ መሬቱ አያስገባውም፣ ውስጥ እግርሽን ይገፋሻል፣ ባትሽም ይያዛል። 12 ሚሊ ሜትሩን ግን በቦርሳሽ ያዢ፤ ሌሊት ዝናብ ከጣለ ትቀይሪያለሽ። ሚስማሮቹን ቅዳሜ ማታ አንድ በአንድ በመፍቻው አጥብቂ፤ መጀመሪያ በእጅሽ እስኪቆም አዙሪ፣ ከዚያ በመፍቻው ትንሽ ብቻ። ከመጠን በላይ ካጠበቅሽው ጥርሱ ይበላና ሁለተኛ አይወጣም። ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጥሪ፣ የተረፈውን ጫፍ ከተጠላለፈው ክር ስር አስገቢው፤ ተንጠልጥሎ እንዳይታይ። ቀነኒሳ በ2000 ዓ.ም. ኤድንብራ ላይ ከኋላው ጫማውን ረግጠውበት ወልቆ፣ ቆሞ አጥልቆ ነው እንደገና የተነሳው። ደርሶባቸው 6ኛውን የዓለም አገር አቋራጭ የረጅም ርቀት ድሉን አገኘ፤ እሱ ግን ቀነኒሳ ነው፣ ያውም 12 ኪሎ ሜትር ነበረው። የአንቺ 6 ብቻ ነው። ከወለቀብሽ መጀመሪያ ከመንጋው ወደ ዳር ውጪ፣ አለበለዚያ በሚስማር ይረግጡሻል። የመጨረሻው ጥቂት መቶ ሜትር ላይ ከሆንሽ ግን ተዪው፣ በአንድ ጫማ ግቢ።

ብትወድቂ ራስሽ ተነሺ። ለወንድምሽም ለአክስትሽም ነግሬያቸዋለሁ፣ ገመዱን አልፎ የሚያነሳሽ ሰው እንዳይኖር። ለተሰንበት ግደይ የካቲት 2015 በዓለም አገር አቋራጭ፣ አውስትራሊያ ባትረስት ላይ ስትመራ መጥታ መጨረሻው ፊት ለፊት ወደቀች፤ ሰው ደግፎ ስላነሳት ውጤቷ ተሰረዘ። ያነሳት ሰው አዝኖላት ነው። ደንቡ ግን ሐዘኔታ አያውቅም።

አነሳሱ ላይ ሁሉም ይጋፋል። የመጀመሪያው ጥምዝ ከመድረሱ በፊት ከፊተኞቹ 15 ውስጥ ግቢ፤ ግን አትምሪ። አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን ዝቅ ይላል፤ ጃን ሜዳ ከ2,400 ሜትር በላይ ቢሆንም አንቺ 2,800 አካባቢ ለምደሽ ስለመጣሽ መጀመሪያ ትንፋሽሽ ይቀልሻል። አደጋው ያ ነው። ቀሎኛል ብለሽ የመጀመሪያውን ዙር ካበዛሽው በሁለተኛው ዳገት ላይ እግርሽ ይከዳሻል። ከፍታ ላይ አንዴ የተበደርሽውን ትንፋሽ እየሮጥሽ አትከፍይውም። የመጀመሪያውን ዙር ያዝ አድርጊ፣ ሁለተኛው ላይ ሰው ልቀሚ፣ የመጨረሻው ላይ ያለሽን አውጪ። የመጨረሻው መሆኑን ደግሞ የምታውቂው ከቆጠርሽ ነው። ዙሩን ቁጠሪ።

ቁርስሽን ከመሮጥሽ 3 ሰዓት ቀድመሽ ብዪ። ዳቦ በማር፣ ሻይ፣ ወይም ያስያዝኩሽን በሶ በጥብጠሽ፤ ሆቴሉ ያቀረበውን አዲስ ነገር አትሞክሪ፣ በርበሬ የበዛበት ወጥም ይቅር። 45 ደቂቃ ሲቀር ማሟሟቅ ጀምሪ፦ 15 ደቂቃ ዝግ ያለ ሶምሶማ፣ ማፍታታት፣ ከዚያ 80 ሜትር የሚያህል ፈጠን ያለ ሩጫ 4 ወይም 5 ጊዜ። ቱታሽን ቶሎ አታውልቂ፤ የጠዋቱ ብርድ የሞቀውን ሰውነት ወዲያው ይመልሰዋል። የደረት ቁጥርሽን ቅዳሜ ማታ በ4 መርፌ ቁልፍ በአራቱም ጫፍ ያዢው፤ መርፌ ቁልፎቹን በሳሙናው መያዣ ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ።

ሌላም ነገር ሰምቻለሁ። ለጉልበትሽ ሕመም የክፍልሽ ልጅ ክኒን ሰጥታሽ እንደዋጥሽ። እሙዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስሙን የማታውቂውን ክኒን አፍሽ ውስጥ አታስገቢ፤ መርፌ ደግሞ ጨርሶ። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወጉት ኮርቲዞን በውድድር ወቅት ክልክል ነው። ሽንትሽ ተመርምሮ ቢገኝ ማን እንደሰጠሽ አይጠይቁም፤ ሰውነትሽ ውስጥ ለተገኘው የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ካመመሽ ለቡድኑ ሐኪም ንገሪ፣ የሰጠሽንም ማሸጊያውን አስቀምጪ። ጉልበትሽ ሲያነክስሽ ካደረ ደግሞ አትሩጪ። ይህን ስጽፍ እጄ እየከበደኝ ነው፣ ግን ከጃን ሜዳ ጉልበትሽ ይበልጥብኛል።

ደህና ከሮጥሽ የክለብ ሰዎች እዚያው ሜዳ ላይ ይመጡብሻል፤ ማናጀር ነኝ የሚልም አይጠፋም። በትሕትና አናግሪያቸው፣ ነገር ግን ላብሽ ሳይደርቅ ምንም ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ ጫማና ሕክምና በማን እንደሆነ፣ ውሉ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ መልቀቅ ብትፈልጊ መልቀቂያ እንዴት እንደሚሰጡ፣ ትምህርትሽን ማታ መቀጠል ትችዪ እንደሆነ ጠይቂ፤ ወረቀቱን ይዘሽ ነይና ከአባትሽ ጋር እናንብበው። ዕድሜሽን ቀንሰን እንጻፍልሽ የሚልሽ ካለ ወዲያው ትተሽው ሂጂ። የልደት ካርድሽ ዋናው አክስትሽ ጋ ይቀመጥ፣ ለሚጠይቅሽ ሁሉ ኮፒውን ስጪ። የመመለሻ የአውቶቡስ ገንዘብሽን በግራ ካልሲሽ ውስጥ ጠቅልዬዋለሁ፤ ካልሲውን ሳትፈቺ እንዳታጥቢው።

እናትሽ