ጎፈሬን ማበጠር

ፖርትላንድ፣ ሜይን
ኅዳር 18 ቀን

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ግን ጀምሯል።

ባለፈው በስልክ «ለድመትም ፀጉር ይበጠራል እንዴ?» ብለሽ ስትገረሚ መስመሩ ተቋረጠ። መልሱን ልጻፍልሽ።

የምንከባከባቸው ባልቴት ድመት እኛ ጓዳ አይጥ እንደምትጠብቀው ዓይነት አይደለም። ዘሩ ሜይን ኩን ይባላል፤ «ሜይን» የምኖርበት የአሜሪካ ግዛት ስም ነው። በፈረንጆች 1985 የግዛቱ ድመት ተብሎ በሕግ ተሰይሟል። ስመዝነው 8 ኪሎ ሞላ። አንገቱ ዙሪያ እንደ አንበሳ ጎፈር ስላለው እኔ ጎፈሬ እለዋለሁ። በረዶ እንዳይጎዳው ጣቶቹ መሃል ሳይቀር ፀጉር አለው። ጠዋት በሩን ስከፍት እንደ ወፍ «ትርርር» እያለ ይቀበለኛል።

ፀጉሩ ድርብ ነው። የላዩ ረጅም ነው፤ ውሃ ቶሎ አያስገባም። የሥሩ እንደ ጥጥ ነው፤ ጣጣው ያ ጥጥ ነው። ጥቂት ቀን ካልተበጠረ ብብቱና ሆዱ ላይ ይቋጠራል፣ ቆዳውን እየሳበ ያሳምመዋል። የባልቴቷ ጣቶች በቁርጥማት ስለተያዙ ሥራው የእኔ ሆነ።

መጀመሪያ ሰሞን አንዱን ቋጠሮ በመቀስ ልቆርጥ ስል ቆዳውን ነካሁት። ጮኾ አልጋ ሥር ገባ፤ እስከ ማታ አልወጣም። አለቀስኩ። የእንስሳት ሐኪሟ ቆዳው ስስ ስለሆነ ከቋጠሮው ጋር ተስቦ እንደሚነሳ አሳየችኝ። መቀስ የሚባል እንዳላስጠጋ፣ ቋጠሮው ሳይፈታም እንዳላጥበው ነገረችኝ፤ ውሃ ሲነካው ይብስ ይጠብቃል። ልቡንም አዳመጠችው። ይህን ዘር ከወላጅ የሚወረስ የልብ ጡንቻ መወፈር ያጠቃዋል። ደህና ነው ስትለኝ ነው የተነፈስኩት።

ያን ማታ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጉልበትሽ መሃል አስቀምጠሽኝ፣ ሥሩን በአንድ እጅሽ ይዘሽ ከጫፉ ጀምረሽ ስትፈቺልኝ። እኔም ሥሩን ያዝኩ፣ ከጫፉ ጀመርኩ። አንዷን ቋጠሮ ለመፍታት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አልጮኸም። ኋላማ ተገልብጦ ሆዱን ሰጠኝ። ባልቴቷ ከወንበራቸው ሆነው «ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። «እናቴ» አልኳቸው።

እማዬ፣ የብረት ማበጠሪያው ሆዱን ሲነካው ይሸሻል፤ ቅዝቃዜውን ጠልቶ ይመስለኛል። ሰው ሲመጣ ከበርበሬው ጋር ያቺን ጥርሷ ሰፋ ሰፋ ያለውን የእንጨት ሚዶሽን ላኪልኝ።

ናፋቂ ልጅሽ