የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ ዶቃ፣ ሳንቲምና የአሜሪካ የመጀመሪያ ሰዎች

የክበቡ የ2017 ዓ.ም. ጥያቄ «ሰው አሜሪካ መቼ ገባ?» የሚል ነበር። የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ሉሲ በተገኘችበት በቀድሞው ወሎ ላደገ ተማሪ 13,000 ዓመት የትናንት ወሬ ነው። ክርክሩ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የተገኘው ዕቃና ዕድሜው የተለካው ነገር አብረው መቀበራቸው ላይ ነው።

ለረጅም ጊዜ መልሱ ክሎቪስ ነበር፤ በኒው ሜክሲኮ የተገኙት የድንጋይ ጦር ጫፎች 13,000 ዓመት ገደማ ናቸው። አርኪዮሎጂስቱ ቶም ዲልሄይ በደቡብ ቺሊ ሞንቴ ቬርዴ ላይ 14,500 ዓመት ገደማ ነው ያለውን ሰፈር መቆፈር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ተጠራጣሪዎች ቦታው ድረስ ሄደው በአብዛኛው የተቀበሉት ግን በ1997። ሃያ ዓመት ሙሉ!

ለምን እንደዘገየ ለማሳየት በግቢው ዋልካ ላይ 1 ሜትር በ1 ሜትር ተከለለ። ታኅሣሥ ላይ መሬቱ ሲሰነጠቅ 40 ቀይ ዶቃ ተበተነበት፤ የበልግ ዝናብ ስንጥቁን ከገጠመው በኋላ በ5 ሴ.ሜ. እርከን ተቆፈረ። የተወሰኑት ዶቃዎች ከ25 ሴ.ሜ. በታች ወጡ፤ የዘንድሮ ዶቃ «ጥንታዊ» ሆኖ አረፈው። ጥልቀት የሚለካው ግድግዳ ላይ ከተመታ ሚስማር በተወጠረ ገመድ ነው፤ ከተዳፋት መሬት ከተለካ እርከኖቹ ይዛነፋሉ።

የካርቦን 14 (ሕያው ነገር ከሞተ በኋላ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ የሚቀንስ የካርቦን ዓይነት) ልምምድ በሳንቲም ተሠራ። 100 ሳንቲም በቆርቆሮ ተንጦ ይደፋል፤ አንበሳው ወደ ላይ የሆነው ሁሉ ይወጣል። አንድ ዙር 5,730 ዓመት ነው። ከአራት ዙር፣ ማለትም ወደ 23,000 ዓመት ገደማ በኋላ፣ የሚቀረው 6 አካባቢ ነው። በዚህ ጥቂት ላይ ከመቶ አንድ እንኳ አዲስ ካርቦን፣ ለምሳሌ ሥር፣ ቢቀላቀል ዕድሜው አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ያንሳል።

ተቃራኒው ስሕተት በኒው ሜክሲኮው ኋይት ሳንድስ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ21,000 እስከ 23,000 ዓመት የተባለው የሰው የእግር ዱካ የተለካው ሩፒያ በተባለ የውኃ ሣር ዘር ነበር። የውኃ ሣር ከኖራ ድንጋይ የሟሟ አሮጌ ካርቦን ይወስዳል፤ ከካርቦኑ አንድ አምስተኛው ከዚያ ቢመጣ ዘሩ 1,800 ዓመት ያህል ያረጀ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን የጥድ ዘመድ የሆኑ የየብስ ዛፎች የአበባ ብናኝና የኳርትዝ ቅንጣት (ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ያየበት ጊዜ ይለካል) ያንኑ ዕድሜ ደገሙ። ደግሞ ዱካ እንደ ዶቃ በስንጥቅ አይወርድም፤ የተረገጠበት ጭቃ ላይ ነው ያለው።

ለ2018 ዓ.ም. ክበቡ ጠንካራ የሽቦ ወንፊትና ሁለት ባልዲ ያስፈልገዋል። እርጥብ ዋልካ በጓዳ ወንፊት አያልፍም፤ በውኃ መታጠብ አለበት።