ወደ ጉማሬዎቹ የሚነዱ ጀልባዎች ገደብ ይኑራቸው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በዚህ ክረምት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ እህቴ ልጆቿን ይዛ ከአዲስ አበባ መጥታ ስለነበር፣ አንድ ማለዳ ጀልባ ተከራይተን ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ስፍራ ጉማሬ ለማየት ሄድን። ከደንገሉ ዳር ሁለት ጆሮዎችና ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳዎች ብቅ ሲሉ ትንሿ ልጅ እጄን ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ነጂያችን ግን ሞተሩን ከማጥፋት ይልቅ ቀጥታ ወደ እንስሳቱ ነዳ፤ ሌሎች ሁለት ጀልባዎችም በሌላ በኩል መጥተው ከበቧቸው። እናቲቱ ልጇን ከኋላዋ አድርጋ አፏን ከፍታ ስትዞርብን ልጆቹ ጮኹ። የመንሳፈፊያ ጃኬት የለበስነው ግማሾቻችን ብቻ ነበርን።

ስንመለስ አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳው ከዚያው ስፍራ ደርሶ አየሁ። መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጉማሬዎቹ ራቅ እስኪሉ ድረስ ጠበቀና መንገዱን ቀጠለ። አንዳቸውም አልዞሩበትም።

ጉማሬ ቆዳው የቀን ፀሐይ ስለማይችል ቀኑን በውኃ ውስጥ አርፎ፣ ሌሊት ወጥቶ ሣር የሚግጥ እንስሳ ነው። በየጥቂት ደቂቃው ለመተንፈስ ብቅ ማለት ስላለበት፣ በላዩ ላይ ሞተር ስናስጮህ የምንነፍገው ዕረፍቱን ብቻ ሳይሆን ትንፋሹንም ነው። በዘር ከሕያዋን እንስሳት ሁሉ የሚቀርቡት ዓሣ ነባሪና ዶልፊን መሆናቸውን ሳይንቲስቶች ደርሰውበታል፤ ለእነዚህ ዘመዶቹ ደግሞ የባሕር ጉብኝት የለመዱ አገሮች ሥርዓት አበጅተውላቸዋል። በካናዳ፣ ለምሳሌ፣ ጀልባዎች በአብዛኛው ከዓሣ ነባሪ ቢያንስ 100 ሜትር እንዲርቁ ሕግ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበው ጣናችን ይህን ያህል ጥንቃቄ አይበዛበትም።

ጥፋቱን በነጂዎቹ ላይ ብቻ መጫን ግን ትክክል አይሆንም። እንጀራቸው ነው፤ «ቀረብ በል፣ ፎቶ እናንሳ» እያለ የሚወተውታቸውም ተሳፋሪው ነው። ስለዚህ የጀልባ ማኅበራትና የሚመለከታቸው የከተማችን ኃላፊዎች ተነጋግረው የሚፈቀደውን ርቀት በሜትር እንዲወስኑ፣ ከአንድ መንጋ አጠገብ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ጀልባ እንዳይቆም እንዲከለክሉ፣ ጃኬት ያልለበሰ ሰው የጫነ ጀልባም ከወደቡ እንዳይነሣ እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁ ስለሚናወጥ፣ ጉዞው በማለዳ ቢሆን ለሰውም ይበጃል።

የእህቴ ልጆች ጥር ላይ ለጥምቀት ይመለሳሉ። ያኔ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት፣ ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች በሐይቁ ዳርቻ ይሆናሉ፤ እነሱንም ላሳያቸው አስቤአለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ሞተሩ ጠፍቶ፣ ያቺ ጉማሬ ከውኃው ወጥታ እፍ ብላ ስትተነፍስ እንዲሰሙ እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ