ስለ 17ቱ ግቦችና ስለ ግቢያችን ውሃ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ የዘላቂ ልማት ግቦችን በግቢያችን ስለ መተግበርና የስብሰባ ጥሪ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ጤና ይስጥልን። ክረምቱ በሰላም አልፎ ልጆቹን ዳግም ሰልፍ ላይ ስላየናቸው ፈጣሪ ይመስገን።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ በጠዋቱ ሰልፍ ላይ የሚኒ ሚዲያውን ማይክሮፎን ይዛ 17ቱን የዘላቂ ልማት ግቦች አንድም ሳትስት በቃሏ ተናገረች። አጨበጨብንላት፤ ደብተርና እስክሪብቶም ሸለምናት። በእረፍት ሰዓት ያችው ልጅ ቢሮዬ መጣችና "ቲቸር፣ ስድስተኛው ግብ ንጹህ ውሃና ንጽህና ነው ብያለሁ፤ የእኛ ሽንት ቤት ግን ውሃ የለውም" አለችኝ። ስሞታ ለማቅረብ አልመጣችም። ያጠናችው ከምታየው ጋር አልገጥም ብሏት ነው። የምመልስላት አልነበረኝም። ከመምህራኑ ጋር ክረምቱን ሙሉ የመከርነው በዚህ ነው፤ ዛሬም የምጽፍላችሁ ስለዚሁ ነው።

ስለ ግቦቹ ላልሰማችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ኢትዮጵያን ጨምሮ 193 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች በመስከረም 2008 ዓ.ም. የተስማሙባቸው ናቸው። ድህነትንና ረሃብን ከማጥፋት ጀምሮ እስከ ትምህርት፣ ውሃና አየር ንብረት ድረስ ይዘልቃሉ፤ በሥራቸውም 169 ዝርዝር ዒላማዎች አሉ። የመጨረሻው ቀነ ገደብ በፈረንጆቹ 2030 ነው። ያ ዓመት የሚያልቀው በእኛ ታኅሣሥ 2023 ዓ.ም. ስለሆነ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ያስገባችሁት ልጅ ያን ጊዜ 6ኛ ክፍል ይሆናል። እኛ 169ኙንም እንሠራለን አንልም። እጃችን ከሚደርስበት እንጀምራለን፤ የመጀመሪያውም ውሃ ነው።

ለምን ውሃ? ስም ጠሪ መምህራን የቀሪ መዝገባቸውን ሲያገላብጡ 7ኛና 8ኛ ክፍል ያሉ ሴት ልጆች በየወሩ ለጥቂት ቀናት እንደሚቀሩ አስተዋሉ። ምክንያቱን እናቶች ሳልናገረው ታውቁታላችሁ። አባቶችም እንድታውቁት እፈልጋለሁ። አንዲት ልጅ የወር አበባዋ ሲመጣ የምትታጠብበት ውሃ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ሞዴስ የምትጥልበት ቦታ ከሌላት ቤቷ መቅረትን ትመርጣለች። የቀረችበትን ትምህርት ማንም መልሶ አያስተምራትም፤ ፈተናው ግን አይቀርላትም። ግብ 6 ራሱ የሴቶችና የልጃገረዶች ፍላጎት የተለየ ትኩረት ይሰጠው ይላል። ይህን ጉዳይ አፍረንበት ለብዙ ጊዜ ዝም ብለናል። ዝምታው የጎዳው ልጆቻችንን ነው።

ያሰብነው እንዲህ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ባሕር ዳር በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የአንዱን መማሪያ ክፍል ጣሪያ ለኩ፤ 8 በ7 ሜትር፣ 56 ካሬ ሜትር ሆነ። በዓመት 56,000 ሊትር ከዚያች ጣሪያ ላይ ወርዶ ግቢውን አጨቅይቶ ይሄዳል ማለት ነው። ልጆቹ ውጤቱን ሲያዩ ሦስት ጊዜ ደግመው ሠሩት። ሁሉንም ማጠራቀም እንደማንችል እናውቃለን፤ ዝናቡ የሚበረታው ትምህርት በሚዘጋበት ጊዜ ነው፣ ሮቶም ልክ አለው። ቢሆንም አሸንዳ ገጥመን፣ ሮቶ በድንጋይ መሠረት ላይ አስቀምጠን፣ የክረምቱ ውሃ ሲያልቅ ደግሞ የቧንቧው ውሃ በሚመጣበት ሰዓት ብንሞላው የሴቶቹ መጸዳጃ ቤትና የእጅ መታጠቢያው ዓመቱን ሙሉ አይደርቁም።

ለዚህ ከእናንተ የምንፈልገው በመጀመሪያ እጃችሁን ነው። ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ ብየዳና የቧንቧ ሥራ የምታውቁ በመካከላችሁ አላችሁ። ሁለት እሑድ ብትሰጡን መሠረቱና አሸንዳው ያልቃል። ገንዘብ መስጠት የሚችልና የሚወድ ወላጅ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል በደረሰኝ ይስጥ። ገንዘብ አላመጣህም ተብሎ ከክፍል የሚወጣ፣ በሰልፍ ላይ ስሙ የሚጠራ ልጅ ግን አይኖርም። ይህን እኔ ራሴ እከታተላለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ቤታችሁን የሚነካ ነው፤ እንደ ድፍረት እንዳታዩብኝ። ከአምስተኛው ግብ ዒላማዎች አንዱ የቤት ውስጥ ሥራ በቤተሰቡ መካከል ይከፋፈል ይላል። ሴቷ ልጅ ጀሪካን ስትሸከም፣ እንጀራ ስትጋግር፣ ታናናሾቿን ስታጥብ ወንድሟ ኳስ ሜዳ ከዋለ የቤት ሥራዋን የምትሠራው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። ጠዋት ክፍል ውስጥ ዴስኩ ላይ ተደፍታ የምናገኛት እሷን ነው። ወንዱም ውሃ ይቅዳ። ማታ ቢያንስ አንድ ሰዓት ለጥናት ይተውላት።

ስለ ሐይቁም ሳልጽፍ አላልፍም። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያመጡት ደለልም፣ ከከተማችን በየቦዩ የሚገባው ቆሻሻም ቶሎ ይጎዳዋል። እምቦጭ ሥር የሰደደው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ስለሆነ የእኛ ጉዳይ አይመስለንም ይሆናል፤ ነገር ግን አረሙን የሚመግበው ከየአቅጣጫው ወደ ውሃው የሚገባው አፈር፣ ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው። ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች (ተፈጥሮውም የሰዉ ኑሮም አብረው የሚጠበቁባቸው ቦታዎች) መዝገብ የገባው በሰኔ 2007 ዓ.ም. ነበር፤ ግቦቹ ከመጽደቃቸው ሦስት ወር ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ዘንድሮ ከግቢው ወደ ቦዩ የሚወጣውን ቆሻሻ ያቆማል። የሚበሰብሰው ጉድጓድ ገብቶ ለችግኞቻችን ኮምፖስት ይሆናል፤ ፕላስቲኩ ለብቻው ይሰበሰባል። ምሳ በፌስታል አትላኩ፤ ምሳ ዕቃ ወይም ንጹህ ጨርቅ ይበቃል። ስስ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል፤ እኛ ግን ቅጣት ሳንጠብቅ እንጀምር። ልጆቹን እምቦጭ ንቀሉ ብለን ውሃ ውስጥ እንደማናስገባ ደግሞ እወቁልን፤ ቢልሃርዝያ አለ። አረሙን ከዳር ሆነው ያጠኑታል እንጂ አይነኩትም። ደንገል ቆርጣችሁ ታንኳ የምትሠሩ፣ አምባዛና ቆሮሶ የምታጠምዱ አባቶች ግን ክፍል ገብታችሁ እንድታስተምሩልን እለምናለሁ። ዓሣው መቼ እንደሚራባ፣ ደንገሉ ድሮ እስከ የት እንደነበር ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ መምህር የለኝም።

ስብሰባው እሑድ ጥቅምት 23 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት በግቢያችን ይሆናል። ቅዳሜ ያላደረግነው ገበያ ስለሆነ ነው። ዕለቱ ጊዮርጊስ መሆኑንም አውቃለሁ፤ ሰዓቱን ወደ ከሰዓት ያዞርነው ለዚሁ ነው። እናትም አባትም ብትመጡ ደስ ይለኛል፤ አንዳችሁ ብቻ የምትችሉ ከሆነ ግን በዚህ ጊዜ አባቶች ኑልን። መምጣት የማይችል ወላጅ ምን ሥራ እንደሚችልና የትኛው እሑድ እንደሚመቸው በልጁ ደብተር ላይ ጽፎ ለስም ጠሪው መምህር ይላክልን። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ልጆቹ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ማታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያነቡላቸው ነግረናቸዋል፤ ስለ ወር አበባ የሚናገረውን ክፍልም ሳይዘሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር