ለእድራችን አባላት፦ ስለ ማገዶ፣ ስለ ፌስታልና ስለ ምንጭ ዳር ዛፍ

የተከበራችሁ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

እኛ ደብረ ማርቆሶች ብዙ እንጨት የምንጨርሰው እንጀራ ስንጋግር ነው። በሦስት ጉልቻ ሲሆን ሙቀቱ በየጎኑ ያመልጣል። ጢሱም እናቶችንና የታዘሉ ሕፃናትን ይጎዳል። ዙሪያው የተዘጋ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ፍጆታውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። አቅም ላጠራቸው አባላት አዋጥተን ብንገዛ በጣም ደስ ይለኛል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግሩ ደግሞ ምጣዱ አንዴ ከጋለ ሳታቋርጡ ጨርሱ። ለመጨረሻዋ እንጀራ አጥፉት፤ የቀረው ሙቀት ያበስላታል።

ገበያ ስትወጡ ዘንቢል ያዙ። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ለእኛ ግን ከብቶቻችንም አሉ፤ ፌስታል የዋጠች ላም ከስታ ልትሞት ትችላለች። የአትክልት ልጣጭ ለጓሮው ጎመን ፍግ ይሁን።

ባሕር ዛፍ ገንዘብ እንደሚያመጣ አውቃለሁ። እባካችሁ ምንጭ ዳር ግን አትትከሉት፤ ውሃውን ይመጥጠዋል። እዚያ ብሳና ወይም ዋንዛ ይሻላል። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች ዓባይን የሚመግቡ ናቸው፣ ምንጮቻችንን ልንሳሳላቸው ይገባል።

የምድጃውን መዋጮ በሚቀጥለው ስብሰባ እናንሳው። ለማዋጣት ያሰባችሁ ከወዲሁ ለጸሐፊው ንገሩት።